ሲሚንቶው እስኪይዝ

ሐኪሙ «ሲሚንቶ» ሲላቸው እትዬ ፖስታ ከአሥር ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። ሳቃቸው ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። ወገባቸው ቀስፎ ያዛቸውና ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የአልጋውን ብረት ጨብጠው፣ ትንፋሻቸውን ቀስ አድርገው ለቀቁት።

«ይቅርታ፣ እማማ» አለ ሐኪሙ።

«እማማ አትበለኝ። ጡረተኛ ነኝ እንጂ አሮጊት አይደለሁም። በል ድገመው፤ ምን ታስገባብኛለህ?»

ሐኪሙ የራጁን ፊልም ወደ መስኮቱ አነሣው። በተርታ ከተደረደሩት የአከርካሪ አጥንቶች አንዱ፣ ሰው እንደተቀመጠበት የካርቶን ሣጥን፣ በስተፊቱ ተጨፍልቋል። አጥንታቸው በዕድሜ ብዛት ሳስቷል፤ የተሰበረውም የልብስ ገንዳ ሳነሣ ነው ብለዋል። ብዙ ሰው እንዲህ ያለው ስብራት በዕረፍት፣ በወገብ ቀበቶና በማስታገሻ ይሻለዋል፤ እርሳቸውን ግን ይኸው አሥር ሳምንት ሙሉ ከአልጋ አላስነሣቸውም። እንግዲህ በሆዳቸው ተኝተው፣ ቦታው ደንዝዞ፣ በራጅ እየታየ፣ በመርፌ የአጥንት ሲሚንቶ ወደ ተሰበረው አጥንት ይገባል። አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው።

ልጃቸው እግራቸው ሥር ቆማ ነበር። ንድፍ ሠሪ ናት፤ በአንድ የግንባታ ቢሮ ውስጥ የቤት ንድፍ ታወጣለች። «ሲሚንቶ» የሚለውን ቃል ስትሰማ ወለሉን አየች። እናቷ እያዩዋት መሆኑን ሳታይ አወቀች።

«ይህን ነገር ከቤቴ ያስወጣሁት መስሎኝ ነበር» አሉ እትዬ ፖስታ።

ያስወጡትስ አንድ ግንበኛ ነው። የሠራው ግድግዳ ሁሉ ቀጥ ያለ ስለሆነ ባልደረቦቹ ውሃልክ ይሉታል፤ በእናቱ የወጣለትን ስም የሚያውቅ ጥቂት ነው። ንድፍ ሠሪዋ ያወቀችው ቅንድቡ አቧራ ለብሶ፣ የእሷን ንድፍ ጠቅልሎ ቢሮዋ ድረስ የመጣ ዕለት ነው። «ደረጃሽ አንድ እርከን ይጎድለዋል። የመጨረሻዋን ሰውየው ይዝለላት?» አላት። ተናዳ ቆጠረች። እውነትም አንድ ጎደለ። ያን ቀን የሳቀችውን ሳቅ ከዚያ በፊት ስቃው አታውቅም።

እትዬ ፖስታ ግን አልሳቁም። ሠላሳ አንድ ዓመት በፖስታ ቤት መስኮት ጀርባ ተቀምጠው፣ ባላቸው ሞቶ ብቻቸውን ያሳደጓት ልጅ ናት። «ያስተማርኩሽ ንድፍ እንድታወጪ ነው» አሏት፤ «ንድፉን በአካፋ ለሚያነሣው ልድርሽ አይደለም።» ሰውየው ይህን በጆሮው ሰማ። ከዚያም ድልድይ ወደሚሠራበት ሩቅ ሸለቆ ሄደ፤ ስልክ የማይሠራበት፣ ደብዳቤ በሳምንት አንዴ በጭነት መኪና የሚወጣበት ቦታ።

ሁለት ደብዳቤ መጣላት። ለሁለቱም መለሰች። ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ወሩን ጠብቃ አንድ ተጨማሪ ጻፈች፤ መልስ የለም። የፖስታ ሣጥኑ ቁልፍ እናቷ አንገት ላይ ነው፤ ጡረታ ከወጡም በኋላ፣ ወገባቸው እስኪሰበር ድረስ፣ ጠዋት ጠዋት ወደ ቀድሞ መሥሪያ ቤታቸው ሳይሄዱ ቀኑ አይነጋላቸውም ነበር። «ዛሬም የለም፣ ልጄ» ይሏት ነበር ሲመለሱ፣ ነጠላቸውን እያጠፉ። እሷም መጠየቅ ተወች። በቤቱ ውስጥ ስለ ግንብ፣ ስለ ድልድይ፣ ስለ ሲሚንቶ የሚያነሣ ጠፋ። ስምንት ወር ሆነው።

ከሐኪም ቤት ተመልሰው አልጋቸው ላይ ሲጋደሙ እትዬ ፖስታ የልጃቸውን እጅ ያዙ።

«ጥሪልኝ» አሉ።

«ማንን?»

«ያንን ሰውዬ። ሐኪሙ ስለ ሰው ያውቅ ይሆናል፤ ስለ ሲሚንቶ ግን እሱ ይንገረኝ። ካልሆነ አልገባም።»

«እማዬ፣ እሱን ከየት አመጣዋለሁ?»

«ተመልሷል አይደል? ተኛሁ እንጂ አልደነቆርኩም።»

መመለሱን ንድፍ ሠሪዋም በቢሮ ሰምታለች። ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ በከተማው ዳር የሚሠራ ትምህርት ቤት ላይ ነው። በማግስቱ በምሳ ሰዓት ሄደች። መንገዱን ሁሉ «ስለ እናቴ ነው የመጣሁት» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ስታጠና ነበር፤ ከፊትም ከኋላም ምንም ያልተጨመረባት።

እሱ መወጣጫ እንጨት ላይ ቆሞ ግድግዳ ይለስናል። ሲያያት የግንበኛ ማንኪያው አየር ላይ ቀረ፤ ልውሱ ተንሸራቶ ጫማው ላይ ወደቀ። ወረደ። ጣቶቹን አንድ በአንድ በጨርቅ እየጠረገ ሰማት። የእናቷን ሕመም ስትነግረው ፊቱ ተለወጠ፤ ስትጨርስ ግን ተመልሶ ተዘጋ።

«ስምንት ወር ሙሉ ለእኔ አንድ መስመር መጻፍ አቅቶሽ ለሲሚንቶ ይህን ሁሉ አቧራ ረገጥሽ» አለ።

«አንተ ነህ ይህን የምትለኝ?»

«እኔ ነኝ።»

እሷ እንዲህ ዓይን አውጣ ይሆናል ብላ አስባ አታውቅም። እሱም እንዲህ ጨካኝ ትሆናለች ብሎ አስቦ አያውቅም። ሁለቱም ግን አንዳቸው የሌላቸውን ጫማ እያዩ መሄድ አቃታቸው።

«ከሥራ በኋላ እመጣለሁ» አለ። «ለእሳቸው ስል።»

«ለእሷ ብለህ ና።»

ተመልሳ ስትሄድ ጀርባዋ ላይ ዓይኑን አወቀችው። ቀጥ ብላ ለመራመድ ታገለች።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጣ። ታጥቦ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፤ ጥፍሮቹ ዙሪያ ግን ግራጫው አልለቀቀም። በሩ ላይ ቆመ።

«ግባ» አሉት እትዬ ፖስታ። «በር ላይ የሚቆም ሰው መጥፎ ቴሌግራም የያዘ ይመስለኛል። የጠራሁህ ለሙያህ ነው፤ ሌላ ነገር እንዳይመስልህ።»

«አልመሰለኝም፣ እትዬ።»

«ሲሚንቶ ሰው ውስጥ ቢገባ ምን ይሆናል?»

«ሰው ውስጥ አስገብቼ አላውቅም» አለ፤ ወንበር ስቦ ዓይናቸው በሚያየው ቦታ ተቀመጠ፣ አንገታቸውን እንዳያዞሩ ብሎ። «የተሰነጠቀ ምሰሶ ግን አክሜያለሁ። ቤቱ ላዩ ላይ ስላለ አይፈርስም። ትንሽ ቀዳዳ እንበሳና በቱቦ ቀጭን ልውስ እንገፋበታለን። ስንጥቁን ፈልጎ ራሱ ይሞላዋል። ምሰሶው አዲስ አይሆንም፤ መነቃነቁን ግን ይተዋል።»

«መነቃነቁን» አሉ እትዬ ፖስታ። «እሱ ነው የሚያመኝ። ባሳለኝ ቁጥር ውስጤ የሆነ ነገር ሲንቀሳቀስ ይሰማኛል።»

«እሱን ያስረዋል። ሥራውን የሚያበላሹት ሁለት ናቸው። አንዱ ከልክ በላይ መግፋት ነው፤ ወዳልተፈለገበት ይወጣል። ሌላው ሳይዝ መነካካት። ስለዚህ ሐኪሙን ሦስት ነገር ይጠይቁት። በስንት ደቂቃ ነው የሚይዘው? የት እንደደረሰ በምን ያያል? መቼ እንደሚያቆም በምን ያውቃል? ሳያመነታ ከመለሰልዎ ይግቡለት።»

«ጻፊው» አሉ ወደ ልጃቸው፣ በመስኮት ጀርባ ሆነው በሚያዙበት ድምፅ። ንድፍ ሠሪዋ ጻፈች። በጣም ስለተጫነችው እርሳሱ ተሰበረ። እሱ ከኪሱ የግንበኛ እርሳስ፣ ጠፍጣፋውን፣ አውጥቶ ሳያያት አቀበላት። የእርሳሱ ሙቀት ለረጅም ጊዜ ከመዳፏ አልወጣም።

ሊሄድ ሲነሣ አልጋውን በባለሙያ ዓይን አየው። «ፍራሹ መሃሉ ጎድጉዷል፣ እትዬ። ለጊዜው ከሥሩ ሳንቃ ላስገባልዎ» ብሎ ጎንበስ አለ።

«አትንካው!»

ሁለቱም ደነገጡ። እትዬ ፖስታ ከሕመሙ ይልቅ ከሌላ ነገር የተነሣ ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር። «ፍራሼን ማንም አይነካም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ንድፍ ሠሪዋ ይህን ታውቀዋለች፤ በአሥሩ ሳምንት ውስጥ አንሶላውን ከላይ ብቻ ነበር የሚያስቀይሯት። የሕመም ጠባይ ነው ብላ ትታው ነበር።

በቀጠሮው ቀን ሐኪሙ ሦስቱን ጥያቄዎች ከወረቀቱ ላይ ሲሰማ ቀና ብሎ ግንበኛውን አየ። «እርስዎ ነዎት የጻፉት?» አለና አንድ ትንሽ እሽግ አመጣ፤ እንደ ዱቄት የነጣ ብናኝና በብልቃጥ ያለ ፈሳሽ። «ይህ ከእናንተው ሌላ ነው። አቡክተነው እንደ ጥርስ ሳሙና ሲወፍር ነው የምናስገባው። ከሩብ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይይዛል። እየገባ ሳለ በራጁ አየዋለሁ፤ ወደ ጠርዙ ሲጠጋ አቆማለሁ። አልፎ አልፎ ከአጥንቱ ውጭ ሊፈስ ይችላል፤ አይሆንም ብዬ አልዋሽም። የሳሳውን አጥንት ደግሞ ሲሚንቶ አያድንም፤ ለእሱ መድኃኒት ይወስዳሉ።»

«አይሆንም ብሎ ያልዋሸኝ የመጀመሪያው ሐኪም ነው» አሉ እትዬ ፖስታ። «በሉ፣ አልጋዬን ግፉት።»

በሩ ተዘጋ። ኮሪደሩ ላይ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር ነበር። በሁለቱ ጫፍ ተቀመጡ። መሃላቸው ሦስት ሰው ያስቀምጣል።

«አመሰግናለሁ» አለች እሷ።

«ምንም አይደል።»

«ለምን ተውከኝ?» እንዲህ ልትል አላሰበችም። አፏ ቀደማት።

ዞሮ አያት። በሕይወቷ እንዲህ ግራ የገባው ፊት አይታ አታውቅም። «እኔ? አሥራ አንድ ደብዳቤ ጽፌልሽ?»

«ሁለት ነው የደረሰኝ።»

«አሥራ አንድ ነው። ዘጠኙን ለድንጋይ የጻፍኩ መስሎኝ ተውኩት።»

«እኔም ጽፌልሃለሁ። ምነው ጠፋህ ብዬ። ያንን እንኳ አልመለስክም።»

«አልደረሰኝም። በየሳምንቱ የሹፌሩን ኪስ ስፈትሽ ነው የኖርኩት። ፖስታ ቤት የጣልሽው ራስሽ ነሽ?»

«አይ። ለእማዬ ሰጥቻት...»

ከዚያ ቁልፉ ታወሳት፣ አንገት ላይ ያለው። «ዛሬም የለም፣ ልጄ።» የነጠላው አስተጣጠፍ። ቆመች። የተዘጋውን በር አየች። ከበሩ ጀርባ እናቷ በሆዷ ተኝታለች፤ ጀርባዋ ላይ መርፌ አለ። ደረቷ ውስጥ የነደደው ቁጣ የሚሄድበት አጣ፤ እንዲህ ባለ አልጋ ላይ በተኛ ሰው ላይ እንዴት ይቆጣሉ? ያሳደገቻት እናቷ ናት፤ ደብዳቤዋን የደበቀችባትም እናቷ ናት። ሁለቱ አንድ ላይ መጡባትና እንባዋን አመጡት።

ውሃልክ ከወንበሩ ጫፍ ተነሥቶ አጠገቧ መጣ።

«ወጥታ ስትመጣ እነግራታለሁ» አለች። «ዛሬውኑ።»

«አትንገሪያት።»

«አንተን የቀማችኝ ሴት ናት!»

«ናቸው። ግን ገና አልያዘም። አሁን አትንኪው» አላት። «ይቁሙ። በእግራቸው ይቁሙና ከዚያ በኋላ የፈለግሽውን በይ። እኔ ስምንት ወር ጠብቄያለሁ፤ ሁለት ቀን አይከብደኝም።»

ጠብቄያለሁ። ይህችን አንዲት ቃል ይዛ ተቀመጠች። አሁን መሃላቸው ለማንም የሚሆን ቦታ አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ፣ በጀርባቸው ተኝተው የታዘዘውን ሁለት ሰዓት ከቆዩ በኋላ፣ ነርሷ እትዬ ፖስታን በጎናቸው አዙራ፣ እግራቸውን አውርዳ አስቀመጠቻቸው። ንድፍ ሠሪዋ እንደ ልማዷ የእናቷን ፊት አየች፤ ያንን የሚመጣውን መጨማደድ ጠበቀች። አልመጣም። እትዬ ፖስታም ጠበቁት። በጥርጣሬ ትንሽ ወደ ፊት፣ ትንሽ ወደ ኋላ አሉ። ከዚያም ቆሙ።

«የት ሄደ?» አሉ።

«ምኑ?» አለች ነርሷ።

«ሕመሙ ነዋ። እዚህ ነበር እኮ።»

መርፌው የወጋው ቦታ ትንሽ ይቆጠቁጣቸው ነበር፤ ያ እንደ ቢላዋ የሚገባው ግን የለም። አራት እርምጃ ሄደው መስኮቱ ጋ ደረሱ፤ እጃቸውን መስታወቱ ላይ አድርገው የሚያልፉትን ሰዎች እንደ አዲስ ነገር አዩ። ዛሬ እትዬ ፖስታ የሉም፤ ከዚያ ቀን በኋላ ስድስት ዓመት በእግራቸው ሄደው፣ አንድ ማለዳ በሰላም አረፉ። ንድፍ ሠሪዋ እናቷ ትዝ ሲሏት ግን የሚመጡላት በአልጋም በሣጥንም አይደለም፤ እንዲህ መስኮት ላይ ቆመው ነው። ያን ቀን በሐኪም ቤቱ ቁጣዋ አልጠፋም። ግን ከትከሻዋ ላይ ወርዶ አጠገቧ የቆመ መሰላት፤ ተሸክማው ሳይሆን እያየችው መተንፈስ ቻለች።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ቤታቸው ውስጥ፣ እትዬ ፖስታ ራሳቸው ለብሰው፣ የወገብ ቀበቷቸውን አጥብቀው፣ ጠረጴዛው ጀርባ ተቀመጡ። ልጃቸውንና ግንበኛውን ከፊት ለፊት አቆሙ።

«አንተ» አሉት፣ «ፍራሹን አንሣ። እኔ ዳግመኛ አላነሣውም። ወገቤ የተሰበረው እሱን ሳነሣ ነው። የልብስ ገንዳ ያልኳችሁ ውሸት ነው።»

ከባዱን የጥጥ ፍራሽ አነሣው። ከሥሩ በፖስታ ቤት ሲባጎ ታስሮ፣ ጠርዝ ለጠርዝ ተስተካክሎ፣ አንድ እሽግ ነበር። እትዬ ፖስታ ተቀበሉትና ፈቱት። ፖስታዎቹ በመጡበት ቀን ተርታ ተቀምጠዋል። በእያንዳንዱ ጥግ ላይ የደረሰበት ቀን በትንንሽ ፊደል በእርሳስ ተጽፏል። አንዱም አልተከፈተም።

«የሰው ደብዳቤ አልከፈትኩም» አሉ። «አልቀደድኩም፤ አላቃጠልኩም። ሁለት ጊዜ ምድጃው ጋ ወስጄው እጄ እምቢ አለኝ። ግን አዘግይቻለሁ። በእኛ ሥራ ማዘግየትም ጥፋት ነው።»

«አሥር ሳምንት ሙሉ» አለች ንድፍ ሠሪዋ፣ ድምፅዋ እየተሰበረ፣ «ገላሽን ሳጥብ፣ ሳገላብጥሽ፣ እሱ ከሥርሽ ነበር።»

«ነበር። ባገላበጥሽኝ ቁጥር ወረቀቱ ሲንኮሻኮሽ እሰማው ነበር። ከወገቤ ይልቅ እሱ ነው የጎረበጠኝ። ይህ ሰው መጥቶ፣ ያንን ሁሉ የተናገርኩትን ሰውዬ፣ አንገቴን እንዳላዞር ብሎ ወንበሩን ሲያስጠጋ...» አቆሙ። ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጀርባ ጠረጉ። «ብቻዬን የምቀር መስሎኝ ነው፣ ልጄ። ሌላ ምክንያት የለኝም። አካፋውም ሰበብ ነው።»



«ዛሬ ይቅር ብዬሻለሁ አልልሽም» አለች ልጃቸው።

«ዛሬ አልጠየቅኩሽም። ፈርሚ ነው የምልሽ።»

ደብተር አውጥተው ነበር፤ ዘጠኝ መስመር የተሰመረበት። ንድፍ ሠሪዋ ልትቆጣ አስባ አፏን ከፈተች፤ የእናቷን ቀጥ ያለ ወገብ አየች፣ በሁለት እጅ የተዘረጋላትን የመጀመሪያውን ፖስታ አየች። ፈረመች። ሁለተኛው። ፈረመች። ዘጠኙንም አንድ በአንድ ተቀብላ ደረቷ ላይ አቀፈቻቸው፤ ክብደታቸው ሕፃን የታቀፈች አስመሰላት።

እትዬ ፖስታ አሥረኛውን መስመር አሰመሩ።

«ቀጣይ» አሉ።

ውሃልክ ግራና ቀኙን አየ። «እኔ?»

«ሌላ ሰው ይታይሃል?» አንድ ቀጭን ፖስታ ዘረጉለት። የራሱ ስም በሚያውቀው፣ በንድፍ ሠሪ ቀጥ ያለ እጅ ተጽፎበታል። ግራጫው ባልለቀቀው ጣቱ ፈረመ። ለመክፈት ጊዜ ወሰደበት፤ ጡብ እንደ ወረቀት የሚያገላብጥ እጅ ወረቀቱን ፈራው። ቆሞ አነበበ። ጽሑፉ አጭር ነበር፤ ምነው ጠፋህ፣ ደረጃዬ አንድ እርከን ጎድሎታል፣ የመጨረሻዋን ልዝለላት ወይስ ትመጣለህ?

ብዙ ጊዜ ቀና አላለም።

«መልስ አለው?» አሉ እትዬ ፖስታ፣ ለሠላሳ አንድ ዓመት ባሉበት ድምፅ።

«አለው፣ እትዬ» አለ፤ ዓይኑን ከንድፍ ሠሪዋ ሳይነቅል። «ግን ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ በፖስታ አልልከውም።»

እትዬ ፖስታ ሳቁ። ንድፍ ሠሪዋ ከልማዷ የተነሣ ትንፋሿን ያዘች፤ ሳቁ የሚቆምበትን ቦታ ጠበቀች። ሳቁ ግን አልቆመም፤ በተሰበረው ቦታ ላይ አልፎ፣ እስከ መጨረሻው ድረስ ሄደ። ያን ጊዜ እሷም ትንፋሿን ለቀቀችው።